ልዩ ልዩ

ሦስት ሰዓት የተባለው ስብሰባ አምስት ሰዓት ተጀመረ፤
ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የመጣው ሰው ተቆጠረ።
አንድ፦ የውሃ መውረጃ። ሁለት፦ የመንገድ መብራት።
ሦስት፦ የዘበኛ ደሞዝ። አራት፦ የቢሮው ጣራ። አምስት፦ የባጃጅ ሥምሪት።
ስድስት፦ የማኅተሙ ቀለም ስለ መድረቁ፤
(በዚህ ብቻ አንድ ሰዓት ተከራከሩ፣ ሳቁ፣ ተናነቁ።)
ስፖርት ግን የራሱ ቁጥር የለውም በአጀንዳችን ላይ፤
ሁሌ ከመጨረሻው፣ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር፣ ሰው ሰዓቱን ሲያይ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጽፌያለሁ፤
የተባለው እንጂ የሆነው እንደማይጻፍ አውቃለሁ።
ዛሬ ግን ከሕዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ በቀጭኑ፣
ያንን ሜዳ ልያዘው፣ እንዳለ፣ እንደ ቀኑ።

የጅማ ሰኔ ሲገባ ከሜዳው ግማሹ የአዌቱ ነው፤
የቀረውን በሬ ይዞታል፣ ማንንም ሳያስፈቅድ የሚግጠው።
የጎሉ አንዱ ቋሚ ባሕር ዛፍ፣ ሌላው የመብራት ምሰሶ፣
መረቡ የቡና ጆንያ፣ በወስፌ ተጠግኖ ደግሞ ተበጥሶ።

ጎህ ሲቀድ አባ ዲጋ ብቅ ይላሉ፣ ስኳራቸው አራት መቶ ደርሶ፤
«መድኃኒትዎ እግርዎ ነው» ብሏቸዋል ሐኪሙ፤
አሥር ዙር ታዘው ስምንት ይዞራሉ፣ ሲያይል ሕመሙ።
ዘጠኝ ሰዓት እነ ረውዳ፤ ደብተራቸው ከባሕር ዛፉ ሥር፣
መረብ የሌለው መረብ ኳስ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ድንበር።
ኳሷ ሦስቴ ተሰፍታለች፣ በጫማ ሰፊው በቃሲም፤
ክፈሉኝ ብሎ አያውቅም፤ ውጤት ሳይጠይቅ ግን አያድርም።
ገዛኸኝ በክራንቹ ይዳኛል፤ ፊሽካ የለም፣ በጣቱ ያፏጫል፤
ጨዋታው ሲጋጋል ክራንቹ ከኳሷ ቀድሞ ይሮጣል።

እንግዲህ ወደ በጀቱ።
አምና «ለሕዝባዊ ስፖርት» መቶ ሃያ ሺህ ብር ተያዘ፤
ሰባው ቲሸርት ሆነ፤ ለአንድ እሑድ፣ ለአንድ ፎቶ ታዘዘ።
ሃያው የውሎ አበል፣ አሥሩ የታሸገ ውሃ ሆኖ ፈሰሰ፤
አሥራ አምስቱ በድምፅ ማጉያ ጮኾ፣ ጮኾ፣ ጨረሰ።
አምስቱ ዋንጫ። ዋንጫው ከኃላፊው ቁምሳጥን ላይ ይኖራል፤
የበላው ቡድን የለም፤ የስቴፕለር ሽቦ ይቀመጥበታል።
ለሜዳው ጭቃ? ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ።
(አልተሳሳትኩም፤ ከሰንጠረዡ ላይ አለ፣ ክብ፣ እንደ ኳስ ተደርድሮ።)

ዛሬ ረውዳ መጣች። ቀጠሮ የላትም። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣
የተሰፋችውን ኳስ ከጠረጴዛው፣ ከማኅተሙ አጠገብ አስቀመጠች።
«ንግግር አላውቅም» አለች፤ «ይኸን ብቻ ጻፉልኝ፦
ውሃው የሚወጣበት ቦይ። አምስት መኪና ገረጋንቲ። መሬቱን አስተካክሉልኝ።
ዋንጫውን ተዉት። ቲሸርት የአባ ዲጋን ስኳር አያወርድም፤
መቶ ሃያው ሺህ ይበቃል፤ እኔ በሒሳብ አልወድቅም።»

ዝም ተባለ። ጣራው ላይ ዝናቡ ብቻ ነበር የሚከራከር።
አንዱ፦ «ቦታው ለሱቅ ታስቧል»፤ ሌላው፦ «ለከርሞ እንመካከር»።
ሊቀ መንበሩ ኳሷን በጣቱ ነካ፤ ስፌቷን ቆጠረ መሰለኝ፤
እሱም የዚያው ሜዳ ልጅ ነው፤ ድሮ በግራ እግሩ ጎል ያገባብኝ።
ቀና ሳይል፦ «ቦዩ ይጠና» አለ። ይጠና ብዬ ጻፍኩ።
ይጠና ስንቱን ቀበረ፤ እኔው በእጄ ስንቱን ገነዝኩ።

ወጡ። ወንበሮቹ ቀሩ፣ እኔና የረሳቻት ኳስ።
ወይስ አልረሳቻትም? እንጃ። ጭቃዋ ጠረጴዛውን ሲያርስ፣
የሚቀጥለውን አጀንዳ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ቀድሞ የሚያየው የለም፤
«አንድ» ብዬ ጻፍኩ፦ ሜዳው።
የማኅተሙ ቀለም ይድረቅ፤ እርሳስ አይደርቅም።